የሞቀ እጅና የቀዘቀዘ እጅ

የያዙኝ ጎንደር ከተማ፣ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ነው። በስልክ ወደ አዲስ አበባ ዜና አንብቤ መውጣቴ ነበር፤ ክረምቱ ስለቆራረጠው የዳባት መንገድ የሚናገር፣ ማንንም የማያስቆጣ ዜና። ሁለት ሰዎች ከላንድሮቨር ወርደው አንደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» አለኝ። እጄን አልጠመዘዘም። ቦርሳዬን ብቻ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ ተቀበለኝ።

የወሰዱኝ ጣሊያን ወደ ሠራው አሮጌ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከጣራው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ። በሩ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ መታኝ፤ ላብ፣ የሻገተ ገብስ፣ ጥግ ላይ ያለው የሽንት ባልዲ። ቀጥሎ ያየሁት ዓይን ነው። ወለሉ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው የተቀመጡት ሰዎች በሙሉ ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር፤ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የቆመውን። የመጣው አዲስ ገቢ እንጂ ጠሪ አለመሆኑን ሲያውቁ ሁሉም በአንድ ላይ ተነፈሱ። ያ ትንፋሽ ተሰማኝ።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለት ራሱ እስረኛ ሆኖ ሥርዓት እንዲያስከብር በአሳሪዎቻችን የተሾመው ሰው፣ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሰፊ ትከሻ፣ ቁልፉ የረገፈ የወታደር ካፖርት። መተኛ ቦታዬን በእግሩ ጫፍ አሳየኝ።

«ጋዜጠኛ ነህ አሉ። እዚህ ቤት መጮህ ክልክል ነው። ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ክልክል ነው። መፍራት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ክልክል ነው፤ ፍርሃት ይጋባል።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ደጋግመው የሰሙት ቀልድ መሆኑ ከአሳሳቃቸው ያስታውቅ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ቀጭን መነጽራም ሰው ግን አልሳቀም። የጤና ትምህርት መምህር ነበር። «ስለ ፍርሃቱ ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ነገ ታየዋለህ» አለኝ።

በማግስቱ አየሁት። መርማሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ጃኬቱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ። ተደብድቦ የሚገኝ ቃል አይታመንም ባይ ነበር፤ ሳይንሳዊ የሚለው የራሱ ዘዴ ነበረው። የሚጠየቀው ሰው ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል። መርማሪው የክብሪት ሳጥን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ጀርባ ላይ በጠርዙ ያቆመዋል። ከዚያ ማንን ታውቃለህ፣ ከማን ጋር ታየህ፣ ማን ቤት ትሄዳለህ እያለ ይጠይቃል። ሳጥኑ ከቆመ ሰውየው ወደ ቦታው ይመለሳል። ከወደቀ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ያነሳውና «ሰውነትህ አጋለጠህ» ይላል። ከዚያ የምትከተለውን ቃል እዚያ ክፍል የነበረ ሁሉ ያውቃታል። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

የወጡት አልተመለሱም። ወዴት እንደተወሰዱ አላውቅም። የማውቀው፣ በቀጣዩ ቀን ቤተሰቦቻቸው ያመጡት ስንቅ ከበሩ ላይ መመለሱን ነው።

በዚያ ቀን የእኔ ሳጥን ቆመ። ከእኔ ቀጥሎ የተጠየቀ የግብርና ሠራተኛ ግን ገና ስሙን ሲናገር ወደቀበት። ጫማውን ለማድረግ ሲታገል ካቦው ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አሰረለት።

መሪጌታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከወገራ ደጋ፣ ከአንድ የገጠር ደብር። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል፤ ዓይኖቹ ትልልቅና የማይከደኑ ይመስላሉ። ክሱ፣ የታጠቀ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሳድሯል የሚል ነበር። አሳድሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እዚያ ቤት ይህን መጠየቅ በሰው ጫንቃ ላይ ድንጋይ መጫን ነበር።

እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። በኃይል አይደለም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ እንደ ቆመ መኪና መሪ፣ ደቃቅና የማያቋርጥ። ውኃ ሲጠጣ ጣሳው ጥርሱ ላይ ያንኳኳል። እኛ ጋቢ ተከናንበን ስንኮራመት እሱ ያልበው ነበር፤ ጋቢውን ለመምህሩ ሰጥቶ በነጠላ ብቻ ይቀመጣል። ከሁላችንም በላይ ይበላል፣ ከሁላችንም በላይ ይከሳል።

ካቦው ይህን በዝምታ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

«መሪጌታ፣ ጸናጽሉን አስቀምጠው እንጂ! ማኅሌቱ አለቀ እኮ።»

«ምነው ሃምሳ አለቃ፣ እጄ እንጂ እኔ መቼ ተንቀጠቀጥኩ።»

«እጅህ የማን ነው? የጎረቤት ነው?»

ቤቱ ሳቀ። መሪጌታም ሳቀ። ነገር ግን ከሳቁ ኋላ ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። መርማሪው ሲመጣ ያ የክብሪት ሳጥን በዚህ እጅ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አይቆምም።

በዚያ ክፍል ጠዋት ጠዋት፣ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ፣ ከእስረኞቹ አንዱ የሚያውቀውን ያስተምር ነበር። ካቦው «የጥናት ክበብ» ይለዋል፤ ዘበኛ ቢጠይቅ የፖለቲካ ጥናት ነው ለማለት እንዲመች። የመሬት ቀያሹ ስለ ካርታ፣ የባንክ ሠራተኛው ስለ ወለድ አስተምረዋል። መሪጌታ በመጣ ሰሞን ተራው የመምህሩ ሆነና ስለ ዕጢዎች ላስተምር አለ። ለምን ያንን እንደመረጠ ያን ጊዜ አልገባኝም።

«ሰውነታችን ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት ሁለት መንገድ አለው» ብሎ ጀመረ። «አንደኛው ነርቭ ነው፤ እንደ ስልክ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ። ሁለተኛው ሆርሞን ነው፤ እሱ ግን እንደ ገበያ አዋጅ ነው። ዕጢው ደም ውስጥ ይለቀዋል፤ ደሙ ደግሞ ሁሉም ጋ ያደርሰዋል። አዋጁን ሁሉም ይሰማል፤ የሚነሳው ግን የተጠራው ብቻ ነው።»

ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች እንዳሉ ነገረን። አደጋ ሲመጣ ሆርሞናቸውን ይለቃሉ፤ ልብ ይሮጣል፤ ደም ከቆዳና ከአንጀት ይሸሽና ለመሮጥ ወይም ለመታገል ወደሚያስፈልጉት ጡንቻዎች ይሄዳል። «ስለዚህ የፈራ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ሆዱ ይረበሻል፣ እጁ ይቀዘቅዛል።»

አንድ ሰው ምራቁን ሊውጥ ሞክሮ ሲያቅተው ሰማሁ።

«መሸሻ ከሌለስ፣ መምህር?» አለ ከወደ ጥግ አንዱ።

«ዕጢው በሩ መቆለፉን አያውቅም። ሥራውን ይሠራል።»

ቀጥሎ ስለ አንገት ዕጢ ተናገረ። የሰውነት እሳት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነድ የምትወስነው እሷ ናት። አለቃም አላት፤ ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለች ሽምብራ የምታህል ሌላ ዕጢ። አለቃዋ ጨምሪ ስትላት ትጨምራለች፤ ደሙ ውስጥ ሲበቃ አለቃዋ ዝም ትላለች፣ እሷም ትቀንሳለች። «አንዳንዴ ግን አለቃዋ ዝም ብትልም አትሰማም። ማንደዷን ትቀጥላለች። ያ ሰው ያልበዋል፣ ይርበዋል፣ ይከሳል፣ ልቡ ይሮጣል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ትእዛዝ አልሰማም ያለችዋን ማሰር ነዋ!» አለ ካቦው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ግን ወደ በሩ አየ። ከመካከላችን ወሬ የሚያደርስ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ትእዛዝ ስላልሰማች ዕጢ ማውራት እንኳ ወዴት ሊተረጎም እንደሚችል አይታወቅም።

ትምህርቱ ሲያበቃ መምህሩ ወደ መሪጌታ ተጠጋ።

«መሪጌታ፣ ነጠላውን ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ። አንድ ጉንጭ ውኃ ይጠጡ።»

መሪጌታ ሲውጥ አንገቱ ሥር ያለ ለስላሳ እብጠት ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ አየነው።

«ከመታሰርዎ በፊትም እንዲህ ነበሩ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው። ማኅሌት መቆም አቃተኝ። ማታ ልቤ ሲደበድብ ባለቤቴ ከጎኔ ተኝታ ትሰማዋለች። የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል ወሰዱኝ።»

ካቦው ከቆመበት አንገቱን አሰገገ። «እንቅርት ነው በለኛ! ያገሬ ሴቶች ሁሉ አለባቸው። እኔኮ ማተብህን የምትደብቅ መስሎኝ ነው የምትሸፋፈነው።»

«አብዛኞቹ ሴቶች አይንቀጠቀጡም፤ የእነሱ ሌላ ነው» አለ መምህሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የማስታውሳቸው በጆሮዬ ነው። የላንድሮቨር ድምፅ ከቁልቁለቱ በተሰማ ቁጥር ወሬው ይቆማል። አልፎ ከሄደ ይቀጥላል። መምህሩ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ጊዜ፣ ጆሮዬ ሥር ሆኖ አማከረኝ።

«ለመርማሪው ልንገረው?»

«ስለ እሱ ከተናገርክ ንክኪ አለህ ይሉሃል።»

«አውቃለሁ።»

«የሚያምንህስ ይመስልሃል?»

«አላውቅም። ግን የፈራ ሰው ላብ ቀዝቃዛ ነው፤ የዚህ ሰው እጅ ትኩስ ነው። በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው። መጽሐፍ አያስፈልገውም።» እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ። በረዶ ነበር። «ይኸው፣ የኔን አየኸው» አለና መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ወሰንኩ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

መርማሪው የመጣው አንድ ጠዋት፣ ወለሉ ገና እየተጠረገ ሳለ ነው። መኪናዋ ደጃፍ ላይ ቆመች። ቁልፉ ዞረ። ካቦው «ተነሥ!» ብሎ ጮኸና ተሰለፍን።

መጀመሪያ የጠራው መሪጌታን ነው።

መሪጌታ ወደ መካከል ወጥቶ ክንዱን ዘረጋ። መርማሪው ሳጥኑን አስቀመጠው። ጥያቄውን ሳይጀምር ወደቀ። አንስቶ ዳግም አስቀመጠው፤ ዳግም ወደቀ። መርማሪው ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ሒሳቡ የመጣለት ተማሪ ይመስል ነበር።

«ይህን ያህል አይቼ አላውቅም» አለ። «ሰውነትህ አጋለጠህ። ዓይንህም ይናገራል። ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

መሪጌታ ነጠላውን አስተካከለ። ዕቃ አልነበረውም። ጋቢው መምህሩ ትከሻ ላይ ነበር።

«ጓድ፣ ይቅርታ» አለ መምህሩ። ድምፁ ሰለለ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «ይቅርታ ጓድ። ይህ ሰው ሕመምተኛ ነው።»

«አንተ ዘመዱ ነህ?»

«አይደለሁም። የጤና መምህር ነኝ። የአንገቱ ዕጢ ከመጠን በላይ ይሠራል። የሚንቀጠቀጠው ከዚያ ነው። ቢፈራም ባይፈራም ይንቀጠቀጣል።»

«ማስረጃ?»

«እጁን ይያዙት።»

መርማሪው ለአፍታ አመነታ። ከዚያ የመሪጌታን መዳፍ ጨበጠ።

«ይሞቃል። ላብ አለው። እና?»

«የፈራ ሰው እጅ ያልበዋል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ደሙ ከቆዳው ይሸሻልና።»

መርማሪው ፈገግ አለ። ነገሩ የሳበው ይመስለኛል፤ ዘዴውን ሳይንሳዊ ነው ብሎ ያምን ነበርና። «እንግዲያው የፈራ ሰው አምጣልኝና ላነጻጽር።»

መምህሩ የራሱን እጅ ዘረጋ።

«የአንተን አልፈልግም። አንተ ተንኮሉን ታውቃለህ። ሌላ ሰው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመርማሪው ፊት እፈራለሁ ማለት የምደብቀው አለ ማለት ነበር፤ ይህንን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ ለወጠ። ውጭ የመኪናዋ ሞተር አልጠፋም ነበር።

«እንዴት ነው? በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የፈራ የለም?» አለ መርማሪው። «ካቦ፣ አንድ ፈሪ ምረጥልኝ።»

ካቦው ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ ነበር። ዓይኑን በሰልፉ ላይ አሳልፎ መለሰው። ከዚያ ቀኝ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አወጣና ወደ መርማሪው ሄደ።

«የኔን ያዙ፣ ጓድ።»

መርማሪው ሳቀ። «አንተን? አንተ ምን አለብህና ትፈራለህ?»

«ምንም የለብኝም። ግን እፈራለሁ። በሩ ሲከፈት ሁልጊዜ እፈራለሁ። ዛሬም።»

መርማሪው በአንድ እጁ የመሪጌታን፣ በሌላው የካቦውን እጅ ያዘ። እንደዚያ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ረጅም መሰለኝ። የሦስቱም ፊት ይታየኝ ነበር። ካቦው ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር፣ ከመርማሪው ራስ በላይ ያለውን ግድግዳ ይመለከታል። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«በረዶ ነው» አለ መርማሪው፣ ለራሱ እንደሚናገር።

የመሪጌታን እጅ ለቀቀ። ሳጥኑን አንስቶ የካቦው እጅ ጀርባ ላይ አቆመው። «ወንድምህ የት ነው ያለው?» ብሎ ድንገት ጠየቀው። ካቦው ወንድም እንዳለው እንኳ እኛ አናውቅም ነበር።

«አላውቅም፣ ጓድ» አለ ካቦው። ከንፈሩ ደርቆ ቃሉ ተቆራረጠ። ሳጥኑ ግን ጠመንጃ ያዥ በነበረው በዚያ እጅ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መርማሪው ሳጥኑን አየ። ካቦውን አየ። መሪጌታን አየ። የፈራው ሰው ሳጥኑን አቁሞታል፤ የወደቀበት ሰው እጅ ሞቃት ነው። ሳጥኑን አንስቶ ከውስጡ አንድ ክብሪት አወጣና ሲጋራ ለኮሰ። ሁለት ጊዜ ሳበ።

«ተቀመጥ» አለው መሪጌታን። ወደ ሌላ ሰው አልሄደም። በሩ ከኋላው ተቆለፈ፤ የመኪናዋ ድምፅ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ከሰልፋችን አልተነቃነቅንም።

ካቦው እጁን በካፖርቱ ጠረገ። «መጥረጊያው የት ሄደ? ቤቱ እንዲህ ቆሽሾ ይዋል?» አለ። መጥረጊያውን የያዘው ሰው መጥረግ ጀመረ። ማንም አልሳቀበትም፤ ስለዚያ ነገርም ያን ቀን ማንም አላነሳበትም።

በማግስቱ ካቦነቱን ነጠቁት። ሌላ ሰው ተሾመ፤ ሃምሳ አለቃውም በክፍሉ ልማድ ከግድግዳው ሥር ካለው ደህና ቦታ ተነሥቶ ወደ ባልዲው አጠገብ ወረደ። ለምርመራ ተጠርቶ ሲመለስ አካሄዱ ተለውጦ ያየሁት ጊዜ አለ፤ ምን እንደጠየቁት አልነገረንም። የክብሪቱን ሳጥን ግን ከዚያ በኋላ እኔ በነበርኩበት ጊዜ አላየሁትም። ዘዴው ስለተበላሸበት ይሁን መርማሪው ስለተቀየረ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪጌታን በዘበኛ አጅበው ሐኪም ዘንድ ወስደው መለሱት። በትንሽ ጠርሙስ ቡናማ ጠብታ ይዞ መጣ። በውኃ እያንጠባጠበ እንዲጠጣው ታዘዘ፤ ለጊዜው እሳቱን ያበርድልዎታል አለው መምህሩ። መሪጌታ ጠርሙሱን ሲያዘነብል ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ቀድሞ ካቦ የነበረው ሰው ከባልዲው አጠገብ ተነሥቶ መጣ።

«ያምጡት፣ መሪጌታ። ጸናጽል በያዘ እጅ መድኃኒት አይቀዳም።»

«እሺ ሃምሳ አለቃ። ሸጋ አድርገህ ቅዳልኝ።»

ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ጠርሙሱን አዘነበለ። ጠብታዎቹ እያንዳንዳቸው ውኃው ውስጥ ገብተው እንደ ጭስ ሲበተኑ አየሁ። አንዲትም ውጭ አልወደቀችም። እኔ እስክፈታ ድረስ ጠዋት ጠዋት የሚቀዳለት እሱ ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ ስለ ሦስቱም ጠይቄያለሁ። መምህሩን አንድ ጊዜ በእንፍራንዝ መንገድ፣ አውቶቡስ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ተቃቅፈን ስለ ልጆቹ አወራን። ስለ ሃምሳ አለቃው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ስለ መሪጌታ አንድ የወገራ ቄስ «ተፈትቶ ወደ ደብሩ ተመልሷል» አሉኝ፤ ሌላ ሰው «አልተመለሰም» አለኝ። ሁለቱም በዓይናቸው አላዩም። ስለዚህ ሁለቱንም እንደሰማሁት ጽፌዋለሁ።

በሥራዬ ብዙ ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ በፍርድ ቤት፣ በድርቅ ጣቢያ፣ በሹመት ቀን መድረክ ላይ። ባለፈው ዓመት የምሠራበት ጋዜጣ ወጣት አርታኢ ጽሑፌን ሲያርም፣ «ተከሳሹ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ «በፍርሃት» የሚል ቃል ጨመረበት። እንዲያወጣው ጠየቅሁት።

«ግልጽ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?» አለኝ።

«እጁን ይዘኸው ነበር?» አልኩት።